ታናሿ ተንሸራታች ባለ ካሜራ ስልክ በሸማ ተራ ስትመረመር

ማናቸውም ዕቃ ወደ ቤተ ሰብ ሲገባ ሁለት ነገር ይዞ ይገባል፤ አንደኛው የሚሰጠው ጥቅም፥ ሁለተኛው የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው። ጥቅሙን ነጋዴው ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ጥንቃቄውን ግን ገዢው ራሱ ካልመረመረ በቀር የሚነግረው አያገኝም። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንመረምረው ዕቃ፥ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት በብዙ ሰው እጅ ይታይ የነበረውን፥ አሁንም በየመሳቢያው ተኝቶ የሚገኘውን፥ ቍጥር መምቻውን ከሥሩ ደብቆ ይዞ ወደ ላይ ሲገፉት የሚከፈተውን ትንሽ ባለ ካሜራ ስልክ ነው።

ከክቡራን አንባብያን አንዱ፥ «ዛሬ ሰው ሁሉ ስማርት ስልክ ይዞ ሳለ፥ አሮጌውን ዕቃ መመርመር ስለ ምን አስፈለገ?» ይል ይሆናል። ምክንያቱ ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ ይህ ዓይነት ስልክ ከገበያ ፈጽሞ አልጠፋም፤ አዲሱ ስልክ ጊዜያቸውን የበላባቸው አንዳንድ ወጣቶች አሮጌውን ፈልገው ይገዛሉ። ሁለተኛ፥ ብዙ ልጆች ለእናት ለአባታቸው፥ «ይህ ይቀላቸዋል» ብለው እንዲህ ያለውን ስልክ ይመርጣሉ። ሦስተኛውና ዋናው ግን፥ በዚያ ዘመን የተነሡ የልደት፥ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፎች፥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆች መልክም ጭምር፥ በእነዚህ ትንንሽ ስልኮች ውስጥ ታስረው መቅረታቸው ነው። ስለዚህ የምንመዝነው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የያዘውንም አደራ ነው።

የነገሩን አመጣጥ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. የተጀመረው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያለው መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ያ ስልክ ድምፅ ብቻ ያመጣ ነበር እንጂ መልክ አያመጣም። መልክን በእጅ ስልክ ወደ ሩቅ መላክ የተጀመረው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ የተጀመረውም ከንግድ ወይም ከጦር ጕዳይ ሳይሆን ከቤተ ሰብ ጕዳይ ነው። ፊሊፕ ካን የተባለ ትውልዱ ፈረንሳዊ የሆነ የኮምፒዩተር ሊቅ፥ ሰኔ 4 ቀን 1989 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1997) በካሊፎርኒያ በሳንታ ክሩዝ ከተማ ሚስቱ በሐኪም ቤት ሳለች፥ የካሲዮን ካሜራ ከሞቶሮላ የእጅ ስልክና ከትንሽ ኮምፒዩተር ጋራ አያይዞ፥ የተወለደችለትን ሴት ልጅ ፎቶግራፍ ከ2000 ለሚበልጡ ወዳጆቹና ዘመዶቹ ላከ። በእኛ አገር የልደት ወሬ በእልልታ ከደጅ ወደ ደጅ እንደሚደርስ፥ የዚያች ሕፃን ልደትም በአንድ ጊዜ በብዙ ቤት ታየ።

ከዚያ በኋላ በ1999 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በጃፓን ኪዮሴራ የተባለው ኩባንያ ካሜራ ያለበትን የእጅ ስልክ ለገበያ አቀረበ። ያንጊዜ በአገራችን የእጅ ስልክ ገና መጀመሩ ነበር፤ አገልግሎቱ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1991 ዓ.ም. ነውና። የፊንላንዱ ኖኪያ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. 7650 ብሎ የሰየመውን የመጀመሪያውን ባለ ካሜራ ስልኩን ሸጠ። ይህ ስልክ ተንሸራታች ነበር፤ ዳሩ ግን 154 ግራም ይመዝናል፥ ቁመቱም ሳይከፈት 11 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ስለ ነበረ፥ ለኪስ የሚከብድ ነበር። ያው ኩባንያ በ1997 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005) 6111 የተባለችውን አወጣ። ዛሬ የምንመረምራት እርስዋን ነው።

የ6111 ቁመት ተዘግታ ሳለች 84 ሚሊ ሜትር፥ ወርዷ 47፥ ውፍረቷ 23 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቷም 92 ግራም ነው። ጠርዞቿ ሁሉ ስለ ተድበለበሉ ወንዝ ያለሰለሰው ጠጠር ትመስላለች፤ በመዳፍ ውስጥ ትሸሸጋለች፥ በቀሚስ ኪስም ብትቀመጥ አትጐትትም። ካሜራዋ አንድ ሜጋፒክስል የሚባለው ነው፤ ይኸውም በወርድ 1152 በቁመት 864 ነጥብ፥ በጠቅላላው 995,328 ነጥብ ይሥላል ማለት ነው። በ7650 የነበረው ካሜራ 640 በ480 ነጥብ ብቻ ስለ ነበረ፥ ታናሺቱ ታላቋን ከሦስት እጥፍ በላይ ትበልጣታለች። በጨለማ ጊዜ የምትፈነጥቀው ትንሽ መብራትም አላት። ሥዕል የምታኖርበት ቦታ ግን 23 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ማኅደር የሚገባበትም ቀዳዳ የላትም። አንዱ ፎቶግራፍ ሩብ ሜጋባይት ያህል ቢይዝ ከ90 ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲሱን ለማንሣት አሮጌውን መሰረዝ ግድ ይሆናል። ብዙ ቤተ ሰብ የልጁን የመጀመሪያ ዓመት ፎቶግራፍ ያጣው በዚህ ጥበት ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የአንድ ዘመን ነገር ማስታወስ ይገባል። 6111 በወጣችበት በ1997 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፥ ከምርጫው በኋላ በአገራችን በእጅ ስልክ የጽሑፍ መልእክት መላክ ተቋርጦ ነበር፤ የተመለሰውም በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ከስልክ ወደ ስልክ በመልእክት ይሄድ ዘንድ የተሠራው ሥዕል፥ በእኛ ዘንድ በብሉቱዝ ከጎን ላለ ሰው የሚሰጥ፥ ወይም ስልኩ ራሱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ የሚታይ ሆነ። ዘመድ በሚሰበሰብበት ቀን ከቡና ረከቦት አጠገብ አሥር ሰው አንዲቱን ትንሽ መስኮት ተራ በተራ ያይባት ነበር። ፎቶግራፎቹ ወደ ሌላ ቦታ ሳይገለበጡ በየስልኩ ሆድ ውስጥ የቀሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ፈተናው እንግባ። ፈተናውን በሸማ ተራ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። መርካቶ ከአራዳ የተነሣው ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን በአዲስ ከተማ የተተከለበት ሲሆን፥ ሻጭ ሁሉ በየዕቃው ዓይነት በየተራው ይቀመጣል። በሸማ ተራ ነጠላው፥ ጋቢው፥ ኩታውና ባለ ጥለቱ ቀሚስ ከጣራ እስከ ወለል ተሰቅሎና ተነባብሮ ይገኛል። ለካሜራ ደግሞ ከነጭ ሸማ የበለጠ መርማሪ የለም። ነጭ ሸማ ብርሃንን ይመልሳል፤ የጥለቱ ቀለም እርስ በርሱ ይቀራረባል፤ ፈትሉም ቀጭን ነው። በሸማ ፊት ያልሐሰተ ካሜራ በሌላው ነገር ሁሉ ይታመናል፤ በሸማ ፊት የሐሰተ ግን በምን በምን እንደሚሐስት ይታወቅበታል።

የመጀመሪያው ፈተና በሱቅ ደጃፍ በጧት ብርሃን የተሰቀለ ባለ ጥለት ነጠላ ነበረ። ሁለት ርምጃ ርቀን አነሣነው። በስልኳ መስኮት ስናየው እጅግ አማረን፤ ባለ ሱቁም፥ «እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ እንዲህ ያነሣል?» ብሎ አደነቀ። ነገር ግን ያው ሥዕል በብሉቱዝ ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦ በሰፊው ሲታይ፥ የጥለቱ ትንንሽ ጥርሶች ተዋሕደው አንድ ወፍራም መሥመር ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የስልኳ መስኮት 128 በ160፥ በጠቅላላው 20,480 ነጥብ ብቻ አላት። ካሜራው ካየው ከ48 እጅ አንዱን እጅ ብቻ ታሳያለች ማለት ነው። በጠባብ መስኮት የታየ ጕድለት ሁሉ ይሸሸጋል። ስለዚህ በስልኳ መስኮት ብቻ አይቶ ፎቶግራፉን ጥሩ ነው ማለት፥ ሸማን ሳይዘረጉ እንደ ታጠፈ መግዛት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የፈትሉ ነገር ነው። አንድ ሜትር ወርድ ያለው ሸማ የሥዕሉን ወርድ ሞልቶ ቢነሣ፥ 1152ቱ ነጥብ በ1000 ሚሊ ሜትር ላይ ይከፈላልና፥ አንዱ ነጥብ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ስፍራ ይሸፍናል። ጥሩ ፈታይ የፈተለችው ድር ግን ከዚያ ይቀጥናል። እንግዲያውስ ፈትሉ በሥዕሉ ውስጥ ፈጽሞ ሊታይ አይችልም። «ቀርበን እናንሣው» ብንል፥ የዚህች ስልክ መነጽር አንድ ቦታ የተተከለ እንጂ እንደ ዛሬዎቹ ወደ ሩቅና ወደ ቅርብ የሚያስተካክል ስላልሆነ፥ በቀረብን መጠን ይደበዝዛል። በስንዝር ርቀት ያነሣነው የጋቢ ጠርዝ ጉም የለበሰ ሜዳ መስሎ ወጣ።

ሦስተኛው ፈተና የቀለሙ ነገር ነው። በሱቁ ውስጥ በአምፑል ብርሃን ያነሣነው ነጭ ኩታ ወደ ቢጫ አዘነበለ። የሥዕሉን ስፍራ ሁሉ ነጭ ሸማ በሞላው ጊዜ ደግሞ ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ስለሚያጠቍረው አመድማ ሆነ፤ በጥቁር ግድግዳ ፊት የተሰቀለው ያው ኩታ ግን ሽመናው እስኪጠፋ ድረስ ነጣ። አንዱ ሸማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት መልክ አወጣ። ትንሿ መብራትም በቅርብ ላለ ፊት ትረዳለች እንጂ በሱቁ ውስጥ ጠልቆ ለተሰቀለ ልብስ አትደርስም።

ባለ ሱቁ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ እንዲህ አለን። «ጌታዬ፥ ሸማ በዓይን ብቻ አይገዛም፤ በእጅ ነው የሚገዛው። ፎቶው መኖሩን ይነግረኛል፥ ፈትሉን ግን ጣቴ ካልነካው አላምነውም።» ቀጥሎም ያጋጠመውን ነገረን። አንዲት እናት በውጭ አገር ለምትኖር ልጃቸው ለሠርግ የሚሆን ቀሚስና ነጠላ ሊያሠሩ መጥተው፥ ልጂቱ የመረጠችውን ጥለት በስልክ አሳዩት። እርሱም ሥዕሉን አይቶ ቀዩን ክር አወጣ። ከዚያ ግን ልቡ ስለ ተጠራጠረ፥ «እማማ፥ ይህ ቀለም በፎቶው ቀይ ይመስላል እንጂ እኔ ወይን ጠጅ ነው ብዬ እፈራለሁ፤ ልጅዎን ይጠይቁልኝ፥ የሚቻል ከሆነም አንዲት ዘለላ ክር ትላክልኝ» አላቸው። ሲጠየቅ እውነትም ወይን ጠጅ ሆኖ ተገኘ። «ባልጠየቅ ኖሮ፥» አለ ባለ ሱቁ፥ «ሸማኔው ወር ይደክማል፥ እናት ገንዘባቸውን ይከፍላሉ፥ ሙሽራይቱም በሠርጓ ቀን ያልመረጠችውን ትለብሳለች። የተሸመነ ጥለት እንደ ቃል ነው፤ ከወጣ አይመለስም።»

በዚያው ሰዓት አንድ ሽማግሌ ሸማኔ የሠሩትን በክንዳቸው ይዘው ከጉለሌ በኩል መጡ። ከያዙት ውስጥ አንዱ ነጠላ ከዚህ በፊት ያላየነው አዲስ ጥለት ነበረው። «አባባ፥ ይህን ብናነሣው ይፈቅዱልናል?» ብለን ጠየቅናቸው። ሽማግሌውም ነጠላውን ቀስ አድርገው አጠፉትና፥ «ልጄ፥ እኔን አንሣኝ፤ ጥለቱን ግን ተወው። ይህን ያወጣሁት ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ ነው። ፎቶው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ከደረሰ፥ እኔ አንዱን ስጨርስ ማሽኑ መቶውን ያወጣዋል» አሉን። ነገሩ እውነት ነው፤ በእጅ የተሠራውን ጥለት አስመስሎ በማሽን ያተመ ጨርቅ በገበያው ሞልቷል። ስለዚህ ሳያስፈቅዱ የአንድን ሸማኔ ጥለት ማንሣት፥ ምንም እንኳ ጨዋታ ቢመስል፥ ከአንድ ቤት እንጀራ መቍረስ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ስልኳ ትንሽ በመሆኗ ሳይታይ ማንሣት ይችላል፤ መቻሉ ግን መብት አይሰጠውም።

ሽማግሌውን እንደ ፈቀዱልን ከሱቁ ደጃፍ ጥላ ሥር አቁመን በሁለት ርምጃ ርቀት አነሣናቸው። እዚህ ላይ ታናሿ ስልክ ባለሙያ ሆና ተገኘች። ጥላው ለስላሳ ብርሃን ስለ ሰጠ የፊታቸው መስመር፥ የጢማቸው ሽበት፥ የትከሻቸው ኩታ አጣጣል ሁሉ በደንብ ወጣ። በኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ሲታተም ወርዱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ፥ ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ያህል የሆነ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ይወጣዋል፤ ይህ በቤት አልበም ውስጥ ለመለጠፍ የሚበቃ ነው። በግድግዳ ለመስቀል ሲያሰፉት ግን ይቀደዳል። የታተመውንም ለእርሳቸው ሰጠናቸው፤ የሰው መልክ ተወስዶ ባዶ እጁን ሊሰናበት አይገባምና።

እንግዲህ ስለ ካሜራዋ የምንፈርደው እንደዚህ ነው። በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ሲጻፍ፥ ምስክሩ ያየውን ነገር ካላየው ነገር መለየት የጸሐፊ የመጀመሪያ ተግባር ነው። ይህችም ስልክ እንደ ምስክር ብትቈጠር፥ ማን እንደ ነበረ፥ የት እንደ ነበረ፥ ከማን ጋራ እንደ ቆመ በታማኝነት ትናገራለች። የቀለምን እውነት፥ የፈትልን ቅጥነት፥ የሽመናን ጥብቀት ስትጠየቅ ግን ያላየችውን ትናገራለችና ቃሏ አይቀበልም። ዛሬ ያሉት ስልኮች በነጥብ ብዛትም በመነጽር ማስተካከልም እርስዋን እጅግ ይበልጧታል፤ ዳሩ ግን የአምፑል ብርሃን ቀለምን ማሳሳቱና ሥዕል በእጅ አለመዳሰሱ ለእነርሱም ያልቀረላቸው ጕድለት ነው።

ከካሜራው በኋላ አካሏን መረመርን። ተንሸራታች ስልክ ሁሉ አንድ የተሸሸገ ደዌ አለው። የላይኛው ክፍል መስኮቱን፥ የታችኛው ክፍል ቍጥር መምቻውን ስለሚይዝ፥ ሁለቱን የሚያገናኝ እንደ ጥብጣብ የሳሳ ገመድ በመካከላቸው ያልፋል። ስልኳ በተከፈተችና በተዘጋች ቍጥር ይህ ጥብጣብ ይታጠፋል ይዘረጋል፤ በብዙ ዓመት ብዛት ይሰነጠቃል። ያንጊዜ መስኮቱ ሲከፈት ይነጣል ወይም ይጠቍራል፥ ሲዘጋ ግን ይመለሳል። ባለቤቱ «ስልኬ ሞተች» ብሎ ይጥላታል፤ የሞተው ግን አንድ ጥብጣብ ብቻ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ የዚህች ስልክ ኀይልም የተያዘው በዚያ ቀጭን ድር ነው፤ እርሱ ሲበጠስ ሌላው ሁሉ ደኅና ሳለ ሥራ ይቀራል።

ከዚሁ ተራ ያገኘናት አንዲት ነጋዴ እንዲህ ያለ ስልክ በጨርቅ ጠቅልላ ለዓመታት አኑራ ነበር። በውስጡ ያረፉ እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ፤ ሌላ የእናቷ ፎቶግራፍ የላትም። መስኮቱ ሲከፈት ስለሚነጣ ሥዕሉ የጠፋ መስሏት፥ ልትጥለውም አልቻለችም፥ ልታየውም አልቻለችም። ስልክ አዳሽ ጥብጣቡን ለወጠላት፤ ሥዕሉም በብሉቱዝ ወደ ልጇ ስልክ ተገለበጠ፥ ከዚያም በወረቀት ታተመ። ሥዕሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሴትዮዋ ስትቀበለው በሁለት እጅዋ ይዛ፥ «እትዬ፥ ይኸው መጣሽ» ብላ አለቀሰች። እናቷን እንዲያ ነበር የምትጠራቸው። በነጥብ ብዛት የምንመዝነው ሥዕል በዚያ ሰዓት ሌላ ሚዛን እንዳለው አየን።

ይህ ነገር በታላላቆችም ቤት የታወቀ ነው። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ አገር ሲደርስ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እመቤት ፎቶግራፍ አነሣችው። ልዑሉ ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ የሕፃንነቱ መልክ ግን እስከ ዛሬ አለ፥ ያየው ሁሉ ያዝንለታል። የዘለቀው በመስተዋትና በወረቀት ላይ በመኖሩ፥ ጠባቂም በማግኘቱ ነው። በባትሪና በጥብጣብ ላይ የተንጠለጠለ ሥዕል ግን ጠባቂ ካላገኘ 20 ዓመት እንኳ አይሻገርም።

የዚህ ነገር ተቃራኒም አለ። የወደደ ሰው ሥዕሉ ይጠፋብኛል ብሎ እንደሚያዝን፥ ያልተጠነቀቀ ሰው ደግሞ ሳያጠፋው ይሸጠዋል። አሮጌ ስልክ በመርካቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሚስት፥ የእኅት፥ የልጅ ፎቶግራፍ አብሮ ይዞራል። ብዙ ሰው «የመጀመሪያውን ሁኔታ መልስ» የሚለውን ትእዛዝ ከሰጠ ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል፤ በእነዚህ የኖኪያ ስልኮች ግን ያ ትእዛዝ የስልኩን አሠራር ይመልሳል እንጂ የተመዘገበውን የሰው ስምና ቍጥር አያጠፋም። ስለዚህ ሥዕሉንም፥ ስሙንም፥ መልእክቱንም እየለዩ በየክፍሉ ገብተው መሰረዝ ያስፈልጋል። የቤትን ገመና የሚጠብቅ በር መዝጋት ብቻ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለቤተ ሰብ የምንመክረው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

1ኛ. ስልኳን ልትገዛ የወደደ ሰው፥ ኖኪያ ስልክ የመሥራት ክፍሉን በ2006 ዓ.ም. ለማይክሮሶፍት አስረክቧልና፥ ይህች ዓይነት ስልክ አሁን እንደማትሠራ፥ የሚያገኘውም ያገለገለ ወይም የተጠጋገነ እንደ ሆነ ይወቅ። የራሱን ሲም ካርድ አግብቶ፥ ደውሎና ተደውሎለት ሳያይ ገንዘብ አይክፈል።

2ኛ. ሻጩ ፊት አሥር ጊዜ ይክፈታት ይዝጋት። መስኮቱ አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ ቢል ወይም ቢነጣ ጥብጣቡ ሊበጠስ ተቃርቧል።

3ኛ. ባትሪውን አውጥቶ በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ያኑረውና በጣቱ ያሹረው። እንደ እንዝርት የዞረ እንደ ሆነ ሆዱ ተነፍቷልና አይውሰደው፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የ6111 ባትሪ ቢኤል-4ቢ የሚባለው ነው፤ በስሙ ይጠይቅ።

4ኛ. ለአረጋውያን ወላጆች የሚገዛ ሰው፥ የስልኳ ትንሽነት ለኪስ ቢመችም ፊደሏም ትንሽ፥ ቁልፏም የተቀራረበ መሆኑን ያስብ። ለደከመ ዓይንና ለሚንቀጠቀጥ ጣት ሰፊ ቁልፍ ያለው የማይንሸራተት ስልክ ይሻላል። ዘመዶች በአማርኛ የሚጽፉላቸው ከሆነም፥ ስልኩ የግዕዝን ፊደል ማሳየቱን ከመግዛቱ በፊት አንድ መልእክት አስልኮ ይፈትን።

5ኛ. ሸማን በሥዕል የሚያዝ ሰው ሥዕሉን በጧት ጥላ ውስጥ ያንሣው፤ ከጥለቱ አጠገብም አንድ የታወቀ ነጭ ወረቀት ያኑር፥ ሸማኔው ወረቀቱ ምን ያህል ቀለሙን እንደ ለወጠ አይቶ የጥለቱን ቀለም ይገምት ዘንድ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የክር ናሙና መላክ ነው።

6ኛ. የሰውን መልክም ሆነ የእጁን ሥራ ሳያስፈቅዱ አያንሡ።

7ኛ. በቤታችሁ እንዲህ ያለ ስልክ ተኝቶ ከተገኘ፥ ባትሪው ሳያብጥ ጥብጣቡም ሳይበጠስ ፎቶግራፎቹን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። የምትወዷቸውንም መርጣችሁ በወረቀት አሳትሙ፤ ከጀርባውም ስሙን፥ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከሁለት ትውልድ በኋላ ያልታወቀ ሰው መልክ ይሆናል።

እንግዲህ ፍርዳችንን በአጭሩ እንናገር። ይህች ታናሽ ስልክ ለዘመኗ ብልኅ ሥራ ነበረች፤ ዛሬም ለመደወል፥ ሳይታሰብ የመጣን የደስታ ሰዓት ለመያዝ፥ በመዳፍ የምትገባ ትሑት ዕቃ ናት። አዲስ ለሚገዛ ሰው አጥብቀን አንመክራትም፤ ቀድሞ ላለችው ሰው ግን ፎቶግራፎቿን ሳያወጣ እንዳይጥላት አጥብቀን እንመክራለን። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል ይባላል፤ ዕቃም በየፈርጁ ይያዛል። ጋቢ ለብርድ፥ ነጠላ ለአደባባይ እንደ ሆነ፥ ይህችም ስልክ ለመልክ እንጂ ለጥለት አልተሠራችም። ይህን ለይቶ ለያዛት ሰው ታማኝ አገልጋይ ናት፤ እግዚአብሔር በውስጧ ያለውን አደራ ጊዜው ሳያልፍ ለማውጣት ትጋትን ይስጠን።